ጭስን የመዘነች ግዛት

በጁላይ 1943 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ በድንገት በቡናማ ጭጋግ ተሸፈነ። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከሁለት ሦስት መንገድ ወዲያ ያለው ሕንፃ አይታይም። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ጃፓን የመርዝ ጋዝ ለቀቀችብን ያሉም አልጠፉም። ድንጋጤው ረገብ ሲል ጣት የተቀሰረው አሊሶ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚሆን ቡታዳይን በሚያመርት ፋብሪካ ላይ ነበር። ፋብሪካው ሥራ እንዲያቆም ተደረገ፤ ጭጋጉ ግን ተመልሶ መጣ። ካሊፎርኒያ ዛሬ የካርቦን ልቀቷን ከመቀነስ አልፋ አየር ውስጥ የገባውን መልሳ ለማውጣት በሕግ የተነሳች ግዛት ናት። ስለዚህ ጉዞዋ የሚጽፉ ሰዎች ታሪኩን ብዙውን ጊዜ ከ2006ቱ የልቀት ቅነሳ ሕግና ከገዥው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ፊርማ ይጀምሩታል። እኔ ግን ከዚያ ፋብሪካ መዘጋት መጀመሩን እመርጣለሁ። ግዛቲቱ ጥፋተኛን በግምት መያዝ አየሩን እንደማያጠራ የተማረችው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሰማንያ ዓመታት የተሳካላት መለኪያውን በራሷ እጅ በያዘችበት ሥራ ነው፤ የተሰናከለችው ደግሞ ልኬቱን ከውጤቱ ለሚጠቀም ሰው በተወችበት ነው። ካርቦንን ከአየር የማስወገዱም ዕጣ ከዚህ የሚወጣ አይመስለኝም።

በ1947 ገዥው ኧርል ዋረን የፈረሙት ሕግ ካውንቲዎች የራሳቸውን የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ቀድሞ ያቋቋመው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በፋብሪካዎችና በነዳጅ ማጣሪያዎች ጭስ ማውጫ ላይ ዘመተ፤ በ1957 ደግሞ ነዋሪው በጓሮው ቆሻሻ የሚያቃጥልበትን ምድጃ ሳይቀር ከለከለ። ዋናው ግኝት የመጣው ግን ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው። በፓሳዲና ከተማ ካልቴክ በተባለው ተቋም የሚያስተምሩት ትውልደ ኔዘርላንዳዊ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ለአናናስ ጣዕሙንና መዓዛውን የሚሰጡትን ውሕዶች እያቀዘቀዙ በመለየት ሥራ ላይ ነበሩ። ያንኑ ዘዴ ወደ ከተማዋ አየር አዞሩት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደረሱበት መልስ ለማንም የሚጥም አልነበረም፤ ከመኪናና ከማጣሪያ የሚወጣው ሳይቃጠል የቀረ የነዳጅ ትነት ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኝ ኦዞን ይፈጠራል፤ ዓይን የሚያቃጥለውም ከዚህ የሚወለደው ድብልቅ ነው። በነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ገንዘብ የሚያጠና ተቋም ግኝቱን ተቃወመ። ክርክሩን የቋጨው ማንም ሊደግመው የሚችል ልኬት ነው። ከመለኪያዎቹ አንዱ ታጥፎ አየር ላይ የተሰቀለ የጎማ ቁራጭ ነበር፤ ኦዞን ጎማን ይሰነጥቃልና እስኪሰነጠቅ የፈጀው ደቂቃ የብክለቱን መጠን ይናገራል። በ1943 ፋብሪካ ያስዘጋው ጎማ አሁን ምስክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። ጥፋተኛውም አንድ ፋብሪካ መሆኑ ቀርቶ መኪና የሚነዳው ሕዝብ ራሱ ሆኖ ተገኘ። በ1966 ግዛቲቱ ከመኪና ጭስ ማውጫ በሚወጣው ላይ ገደብ ጣለች፤ በ1967 ገዥው ሮናልድ ሬገን የፈረሙት ሕግ የአየር ሀብት ቦርድን አቋቋመ፤ የቦርዱም የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሃገን-ስሚት ሆኑ።

በዚያው ተቋም፣ በዚያው አስርት ዓመት፣ ሌላ ወጣት ኬሚስት ሌላ ነገር እየለኩ ነበር። ቻርለስ ዴቪድ ኪሊንግ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚለካ መሣሪያ በገዛ እጃቸው ሠሩ። የፓሳዲና አየር በመኪና ጭስ ስለሚዛባባቸው ቢግ ሰር ወደተባለው የባሕር ዳር ደን ሄደው ለኩ። ያገኙት ቁጥር ከየትም ቢለካ ከቀትር በኋላ ወደ 310 የሚጠጋ ነበር፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 310ሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ማለት ነው። ኪሊንግ ወደ ሳንዲያጎ አቅራቢያው ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ከተዛወሩ በኋላ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ የተጀመረው ተከታታይ ልኬት ዛሬም ቀጥሏል፤ ቁጥሩም ከ420 አልፏል። ሁለቱን ኬሚስቶች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ሃገን-ስሚት የለኩት ሰው በዓይኑና በደረቱ የሚሰማውን ነው፤ ስለዚህ መራጩ ሕዝብ መሣሪያ ሳይዝ ሕጉ መሥራት አለመሥራቱን ያውቅ ነበር። ኪሊንግ የለኩትን ጋዝ ግን ማንም አያየውም፣ አያሸተውም። ስሞግን፣ ያንን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ፣ የሚቆጣጠር ሹም ቢዋሽ ልጆች በሳል ያጋልጡት ነበር፤ ካርቦንን የሚቆጣጠር ሹም ቢዋሽ የሚያጋልጠው ሌላ መለኪያ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስትሻገር የወሰደችው መሥሪያ ቤቷንና ልማዷን ነው። የሕዝቡን ዓይን ግን ይዛ ልትሻገር አልቻለችም።

ለመሻገሪያው የረዳት የሕግ በር ጠባብ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1967 የመኪና ጭስን ደንብ ለፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ሲሰጥ፣ ቀድማ ጀምራ ስለነበር ካሊፎርኒያ «አስገዳጅና ያልተለመደ ሁኔታ» ካላት ልዩ ፈቃድ እየጠየቀች ጠንከር ያለ ደንብ እንድታወጣ ተፈቀደላት፤ በ1977 ደግሞ ሌሎች ግዛቶች የእርሷን ደንብ ቃል በቃል እንዲወስዱ መንገድ ተከፈተ። በፌዴራልና በክልል ሥልጣን ክርክር ለኖረ የእኛ አገር አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ከሃምሳ ግዛቶች ለአንዷ ብቻ የተሰጠ መብት ነው። በ2002 የምክር ቤት አባሏ ፍራን ፓቭሊ ያቀረቡት የመኪና ካርቦን ሕግ በገዥው ግሬይ ዴቪስ ሲፈረም የበሩ ጥበት ታየ። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማሳቹሴትስ መዝገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ብክለት ሕጉ የሚታይ በካይ ነው ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የፌዴራሉ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለካሊፎርኒያ ፈቃዱን ነፈጋት፤ ምክንያቱም የዓለም ሙቀት የካሊፎርኒያ ብቻ ችግር አይደለም የሚል ነበር። ክርክሩ የዋዛ አይደለም። በ2009 ፈቃዱ ተሰጠ፤ በ2019 ተነጠቀ፤ በ2022 ተመለሰ፤ በ2025 ደግሞ ምክር ቤቱ የቅርቦቹን ፈቃዶች ሽሮ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጁን ፈረሙበት፤ ግዛቲቱም በዕለቱ ከሰሰች። መኪናን የመቆጣጠር መብት በዋሽንግተን ፈቃድ የሚሰጥና የሚነጠቅ መሆኑ ግልጽ ነው። የመቁጠር መብት ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የ2006ቱ ሕግ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ዜና የሆነው ልቀትን በ2020 ወደ 1990 መጠን የመመለሱ ግብ ነበር፤ ሕጉ ለአየር ሀብት ቦርድ አስቀድሞ የሰጠው ሥራ ግን አሰልቺ የሚመስል የሒሳብ ሥራ ነው። የ1990ው ልቀት ስንት እንደነበር ወስን፣ ትላልቅ አመንጪዎች በየዓመቱ ልቀታቸውን በግዴታ እንዲያሳውቁ አድርግ፣ ከሌላ ግዛት ተገዝቶ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ልቀትም ቁጠር የሚል ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ የሚናቅ አይደለም፤ ካልተቆጠረ ካሊፎርኒያ የድንጋይ ከሰል ጣቢያውን ከድንበር ማዶ አስቀምጣ ንጹሕ ነኝ ማለት ትችል ነበር። መነሻው መጀመሪያ 427፣ በኋላ ተስተካክሎ 431 ሚሊዮን ቶን ሆነ። በ2010 በቴክሳስ ነዳጅ አጣሪዎች ገንዘብ የተደገፈ የሕዝብ ውሳኔ ሕጉን ሊያስቆም ሞክሮ ከመራጩ ስድሳ በመቶ በላይ ውድቅ አደረገው። በ2013 የልቀት ጣሪያና የፈቃድ ግብይት ግዴታ ሆነ፤ በ2014 ከካናዳዋ ኩቤክ ጋር ተጣመረ። በ2016 ልቀቱ ወደ 429 ሚሊዮን ቶን ወርዶ ግቡ አራት ዓመት ቀድሞ ተመታ። ተቃዋሚዎች ይህን የሠራው ከ2008 በኋላ የመጣው የኢኮኖሚ ድቀትና የፀሐይ ኃይል መርከስ ነው ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ቅናሹ የበዛው በኤሌክትሪክ ዘርፍ ነው፤ የገበያው ዋጋም ለረዥም ጊዜ ዝቅተኛ ነበር። ሆኖም ኢኮኖሚው ካገገመ በኋላም ልቀቱ አልተመለሰም፤ የትኛው ዘርፍ እንደቀነሰ፣ የትኛው እንደለገመ ተቃዋሚው ራሱ ነቅሶ የሚያወጣውም ከግዛቲቱ መዝገብ ነው። መኪናና ጭነት ማመላለሻ የኤሌክትሪክን ያህል እንዳልቀነሱ የሚታወቀው ስለተቆጠሩ ነው።

ካሊፎርኒያ ሀብታም ስለሆነች ነው የሚለው መልስም ይሰማል። ሀብት እንደሚያግዝ አልክድም። ቴክሳስም ግን ሀብታም ናት፤ ኢኮኖሚውን ሁሉ የሚያቅፍ የአየር ንብረት ሕግ የላትም። ሎስ አንጀለስ ራሷ መቆጣጠር ስትጀምር የነዳጅ ከተማ ነበረች፤ ማጣሪያዎቹ የግብር ምንጮቿ ነበሩ። ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ከዓለም ልቀት አንድ በመቶ እንኳ የማትሞላ ግዛት ብቻዋን ምን ታመጣለች የሚል ነው። በቶን ከታየ ብዙ አታመጣም። ነገር ግን ከአስራ ሁለት በላይ ግዛቶች የመኪና ደንቧን ወስደዋል፤ ዋሽንግተን ግዛት በ2021 ተመሳሳይ የልቀት ጣሪያ ደንግጋ በ2024 ሊያፈርሰው የቀረበውን ሐሳብ መራጩ ጥሎታል። የተቀዳው የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም፤ የመቁጠሪያው አሠራር ነው።

ወደ ደኑ ስንመጣ ይኸው አሠራር ላልቶ እናገኘዋለን። የግብይቱ ሕግ አንድ አመንጪ ከግዴታው ጥቂቱን (መጀመሪያ እስከ 8 በመቶ) ደን በሚያለሙ ሰዎች ማካካሻ እንዲያሟላ ይፈቅዳል። ዛፍ ካርቦንን ከአየር ይወስዳል፤ ስለዚህ ይህ ግዛቲቱ በገበያ የሞከረችው የመጀመሪያው ትልቅ የማስወገድ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። የማካካሻው መጠን የሚወሰነው ግን ደኑ በአካባቢው ካለው «የተለመደ» ደን ምን ያህል ይበልጣል በሚል አማካይ ነው፤ አረጋጋጩንም፣ ምንም እንኳ ቦርዱ ፈቃድ የሰጠው ቢሆን፣ ቀጥሮ የሚከፍለው የደኑ ባለቤት ነው። ገበያ ወጥቶ በሻጭ ሚዛን የገዛ ሰው ያውቀዋል፤ ሚዛኑ ባይሰበርም ጣት ያርፍበታል። በ2021 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው የማካካሻ ሰነዶች 29 በመቶው፣ ማለትም 30 ሚሊዮን ቶን ያህሉ፣ እውነተኛ የአየር ንብረት ጥቅም የሌለው ትርፍ ነው አለ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያለው ባለይዞታ ሳስተው ከበቀሉ ዛፎች ጋር በተጣለ አማካይ ሲወዳደር ምንም ሳይሠራ ሻጭ ይሆናል። ቦርዱ የጥናቱን ዘዴ ተቃውሟል። ክርክሩ ግን ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው ነገር አለው፤ በግዛቲቱ ውስጥ ያለ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ስንት ቶን ነው ተብሎ እንዲህ ያለ ጠብ ሲነሳ ብዙም አይሰማም።

እሳቱም አለ። ደን ቢቃጠል ብለው ባለደኖች ከማካካሻቸው ጥቂቱን ወደ ጋራ መጠባበቂያ ያስገባሉ፤ መጠባበቂያው ለመቶ ዓመት ይበቃል ተብሎ የተሰላ ነበር። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት አስር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የተነሱት እሳቶች ለእሳት አደጋ ከተመደበው ድርሻ ቢያንስ 95 በመቶውን እንደበሉት ገመተ። በ2020 ብቻ ከአራት ሚሊዮን ኤከር በላይ የካሊፎርኒያ መሬት ተቃጥሏል። የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚያ ዓመት እሳት ወደ 127 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ልቀት እንደፈጠረ፣ ይህም ግዛቲቱ ከ2003 እስከ 2019 ከቀነሰችው ወደ እጥፍ እንደሚደርስ አሰሉ። ይህ ልቀት በዋናው መዝገብ ላይ ከግቡ ጋር አይደመርም። ለብቻ የሚያዝበት በቂ ምክንያት አለ፤ ደን ሲያገግም መልሶ ይወስደዋልና። ሆኖም ዛፍ ሲያድግ እንደ ማካካሻ እየተሸጠ ሲቃጠል በሌላ ገጽ የሚጻፍ ከሆነ ሒሳቡ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ አይቀርም። የኪዮቶ ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ውል ደንብ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ነበረው። በ2009 የተመዘገበው የወላይታ ሁምቦ ደን፣ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከቆረጣ ተከልሎ ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ የተደረገበት ሥራ፣ የተሰጠው ሰነድ ጊዜያዊ ነበር። ደኑ በየጊዜው እየተለካ መቆሙ ካልተረጋገጠ ሰነዱ ዋጋ ያጣል። ገዢዎች ጊዜያዊውን አልወደዱትም፤ ለሻጩም አልተመቸም። ለእውነታው ግን ከካሊፎርኒያው የመቶ ዓመት ተስፋ ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል።

በዚህ መሃል ግቡ አድጓል። ገዥው ጄሪ ብራውን በ2018 በትእዛዝ፣ ምክር ቤቱ ደግሞ በ2022 በሕግ፣ ግዛቲቱ በ2045 የምታመነጨውና የምታስወግደው ካርቦን እኩል እንዲሆን ወሰኑ። ሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2020 ባወጣው ጥናት በዓመት 125 ሚሊዮን ቶን ማስወገድ እንደሚቻል አሰልቶ ነበር፤ 84ቱ ከግብርናና ከደን ተረፈ ምርት፣ 25ቱ ከመሬት አያያዝ፣ 16ቱ ካርቦንን ከአየር በቀጥታ ከሚስቡ መሣሪያዎች። ይህ ሁሉ ለበካዮች ሰበብ መስጠት ነው የሚሉ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ በማጣሪያዎች ጥግ የሚኖሩት የዊልሚንግተንና የሪችመንድ ነዋሪዎች በተለይ። ቁጣቸው መሠረት አለው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የትም ቢወጣ አንድ ነው፣ አብሮት የሚወጣው ጥቀርሻ ግን የሚያርፈው በእነርሱ ልጆች ሳንባ ላይ ነው። የ2022ቱ ሕግ ግን ክርክሩን በቁጥር አጥሮታል። ሰዎች የሚያመነጩት ልቀት ራሱ በ2045 ከ1990ው በ85 በመቶ መውረድ አለበት ይላል። ስለዚህ በማስወገድ የሚሸፈነው ቀሪው፣ ወደ 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ብቻ ነው። ገደብ የሌለው ማስወገድ ሰበብ ነው በሚለው እስማማለሁ፤ ገደቡ በሕግ ከተጻፈ ግን ጥያቄው ስንት ተወገደ፣ ማንስ ለካው ወደሚለው ይመለሳል። የነዋሪዎቹ የቀድሞ ትግል ያስገኘው የ2017ቱ ሕግ የአየር መለኪያዎችን እስከ ሰፈራቸው ማድረሱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ፈተናው አሁን ከርን ካውንቲ፣ ኤልክ ሂልስ የሚባል የነዳጅ መስክ ላይ ነው። ቦታው ቁጥር ላይ እምነት እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቅ ቦታ ነው። በ1912 ፕሬዚዳንት ታፍት ለባሕር ኃይሉ መጠባበቂያ ከለሉት። ከአስር ዓመት በኋላ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አልበርት ፎል ለነዳጅ ባለጸጋው ኤድዋርድ ዶሄኒ አከራዩት፤ ዶሄኒ ቀደም ብለው 100,000 ዶላር በጥሬው ልከውላቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 ውሉን አፈረሰ። በኋላ ፎል ያንን ገንዘብ በጉቦ ተቀብለሃል ተብለው ተፈረደባቸው፤ ዶሄኒ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ በጉቦ አልሰጠህም ተብለው ነጻ ወጡ። በ1998 መንግሥት መስኩን በ3.65 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው። አሁን ያለው ባለቤት፣ እርሱም የነዳጅ ኩባንያ፣ ዘይቱ ባለቀበት የአለት ንጣፍ ውስጥ 6,000 ጫማ ያህል ወደ ታች 38 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ26 ዓመት ሊያስገባ ፈቃድ አግኝቷል። የአለቱ ብቃት ብዙም አያጠራጥርም፤ ዘይትና ጋዝን ለሚሊዮን ዓመታት የያዘ ንጣፍ ነው። የሚያጠራጥረው ስሙ ነው። መጀመሪያ ይገባል የተባለው ጋዝ ከዚያው መስክ የጋዝ ማጣሪያ የሚወጣ ነው። ይህ ወደ አየር ሊወጣ የነበረን ማስቀረት ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ከአየር የወጣ ቶን ግን የለበትም። ባለሥልጣናቱ «ማጥመድና ማስወገድ» እያሉ ሁለቱን በአንድ ግብ ሲደምሯቸው፣ በ2022 ገዥው ጋቪን ኒውሰም ለ2045 የጠየቁት 100 ሚሊዮን ቶን እንደዚያ የተደመረ ነው፣ አንባቢ የትኛው ቶን የየትኛው እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

በእርግጥ ከአየር ስለሚወጣው መናገር ከተፈለገ መጠኑ ገና ትንሽ ነው። በ2023 ትሬሲ በተባለችው ከተማ የተከፈተው፣ በኖራ ድንጋይ ካርቦንን ከአየር የሚስበው ጣቢያ አቅሙ በዓመት 1,000 ቶን ነው። ነገር ግን ትንሽ ቢሆንም ልጠቅሰው የሚገባ ጥሩ ጎን አለው፤ የተያዘው ጋዝ በቧንቧ ስለሚያልፍ በሜትር ይነበባል። የግዛቲቱ የነዳጅ ካርቦን ደንብም በ2018 ሲሻሻል ከመሬት በታች ለሚቀበር ካርቦን ብርቱ ቃል ጽፏል፤ ሻጩ መቅበሩን ካቆመ በኋላ ለ100 ዓመት ይከታተል ይላል። ኢንዱስትሪው ይህ ከመጠን ያለፈ ነው፣ የፌዴራሉ ደንብ በተለምዶ የሚጠይቀው 50 ዓመት ነው ብሎ ይቃወማል። በስሞግ ጊዜ ማጣሪያዎቹ የተናገሩትም ከዚህ አይርቅም፤ ያኔ ውድ የተባለው ልኬት በኋላ ደንቡን ያቆመ ምሰሶ ሆኗል። የከርን ነዋሪዎችም የሚጠይቁት ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ ጉድጓዱ ቢያፈስ መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው?

በ2022 የወጡ ሌሎች ሕጎች ለዚህ መልስ እንዲሰጡ ታስቦ ነበር። የተጠመደ ካርቦን ተጨማሪ ዘይት ለማውጣት እንዳይውል ከለከሉ፤ የአየር ሀብት ቦርድም የማስወገድና የመቅበር ሥራዎችን ደኅንነትና ውጤት የሚገመግም ፕሮግራም እንዲያቋቁም አዘዙ። ለሥራዎቹ አንድ ወጥ የፈቃድ ማመልከቻ እንዲዘጋጅ የተቀመጠው ቀነ ገደብ ጃንዋሪ 1, 2025 ነበር። የኤልክ ሂልስ የፌዴራል ፈቃድ የወጣው ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት፣ በ2024 ማብቂያ ላይ ነው። ፈቃዱን የሰጠው የፌዴራሉ ኤጀንሲ ነው፤ የጉድጓዱን ግፊትና የጋዙን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ሪፖርት የሚያዘጋጀው ባለቤቱ ነው፤ የሚቀበለውም ያው ኤጀንሲ ነው። ቦርዱ ቀኑ ሲደርስ ደንቡን አላወጣም ነበር።